ላይ ለቅሶ፣ ታች ግንብ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ ያለዚህ የሚቀጥለውን ነገር ማንም አይረዳልኝም ብዬ ነው። ባጃጅ ቁልቁለት ሲወርድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስልክ ባልተለመደ ሰዓት ሲጠራ፣ ከማንሳቴ በፊት ማን ሞተ ብዬ ዘመዶቼን በሙሉ በልቤ እዞራለሁ። እናቴ፣ "አንቺ ልጅ፣ ገና ሳይነካሽ ትጮኺያለሽ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን በዕድሜዬ ከፈራኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ጓሯችን ገደል ያስፈራኝ የለም።

ቦንጋ ውስጥ ሜዳ አግኝቶ ቤት የሠራ ሰው ብዙ አላውቅም። ሰው ዳገቱን ይቆርጥና ቤቱን በቆረጠው ቦታ ላይ ያስቀምጣል። አባቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲሁ አደረገ። ከቤታችን ጀርባና ከተቆረጠው አፈር መካከል ሰው የሚያልፈው በጎኑ ዞሮ ነው። አፈሩ ከጣሪያችን ከፍ ይላል። ከላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ የጎረቤቶቻችን ጓሮ አለ፤ ሣርና ጥቂት እንሰት። ከሥር ደግሞ የእናቴ መኝታ ክፍል አለ።

እናቴ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ቀኑን አብዛኛውን የምታሳልፈው በዚያ ክፍል፣ በዚያ አልጋ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ አንድ ጓል አፈር ተንዶ የኋላ መስኮቷን ሰበረው። እኔ ሱቅ ነበርኩ፤ መሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ስመጣ አልጋዋ ላይ የመስታወት ስብርባሪ፣ ትራሷ አጠገብ እርጥብ አፈር ነበር። "ድመት መስላኝ ነበር" አለችኝ፣ ተረጋግታ። እኔ ግን ያን አፈር በእጄ ጠርጌ ሳበቃ አንሶላዋን ሁለት ጊዜ አራገፍኩት። በጋው ሲገባ ግንብ እንደማሠራ የዚያን ቀን ወሰንኩ።

ግንበኛው የሺሺንዳ ሰው ነው፤ ቃል አያበዛም። ገደሉን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ "ይሄ የሚሠራው በቁራጭ በቁራጭ ነው" አለኝ። መጀመሪያ አንድ ጫፍ ይቆፈራል፣ መሠረቱ ይጣላል፣ ድንጋዩ ይነሳል። እሱ ሲጠና ከአጠገቡ ያለው ይቆፈራል። የገደሉን እግር በሙሉ በአንድ ጊዜ ገልጦ መተው አይሆንም።

"ለምን?" አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁት።

"እግሩን የቆረጥሽው ነገር ምን ይሆናል?" አለኝና ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ያን ዕለት ከእናቴ ጋር ተጣላን። መስኮቱ ከተሰበረ ጀምሮ እንደምለምናት፣ ግንቡ እስኪያልቅ ሳሎን ተኚልኝ አልኳት። "ከባሌ አልጋ የምነሳው አራት ሰው ሲሸከመኝ ነው" አለችኝ። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ የንስሐ አባቷን ሳይቀር ልልክባት ነበር። "ቀኔ ከደረሰ ሳሎንም አይመልሰው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ገደሉ ነው።

ድንጋዩን የጫነው አይሱዙ የእኛ መንገድ ላይ መውረድ አልቻለምና ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ዘርግፎት ሄደ። ያን ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ማን ያወርደዋል ብዬ ቆሜ ሳየው፣ የላዩ ጎረቤታችን መጡ። ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ድምፃቸው ትልቅ፣ ሳቃቸው ከድምፃቸው የባሰ። "ምን ታስቢያለሽ? ዳዶ እንጠራለን!" አሉ። ዳዶ በእኛ አገር ጉልበት መዋዋስ ነው፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። የሚያምርበት እርሻ ላይ ነበር፤ ጋሼ ግን ከተማ ገብተውም አልተዉትም።

ቅዳሜ ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ግንበኛው ገና ዓርብ ማታ ወደ ቤተሰቡ ወደ ሺሺንዳ ሄዷል፤ የሚመለሰው ሰኞ ነው። ድንጋዩ በትከሻ፣ በቃሬዛ፣ በእጅ ለእጅ ቅብብል ወርዶ ምሳ ሳይደርስ አለቀ። የእኔም ጣጣ የመጣው ከዚሁ ነው፤ ሥራው ቶሎ አለቀና ጉልበቱ ተረፈ። ጋሼ ጃኬታቸውን አወለቁ፣ ዶማ አነሡ፣ "ግንበኛው ሲመጣ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ይጠብቀው!" አሉና የገደሉን እግር ከዳር መቆፈር ጀመሩ። ሌላውም ተከተላቸው። ዘፈኑም ተነሣ።

እኔ ቆጮና ጎመን የያዘ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

"ጋሼ፣ ግንበኛው እኮ በቁራጭ ነው ብሎኝ ነበር" አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ግንበኛ ሥራውን ለማራዘም የማይለው የለም!" ብለው ሳቁ፤ ሁሉም ሳቀ። ለእኔ ቤት ብለው ላባቸው በጀርባቸው ሲወርድ እያየሁ እንዴት "በቃችሁ" ይባላል? አገሩን የሚያውቅ ይፍረደኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" እያልኩ ውኃ ቀዳሁላቸው። ወደ ማምሻው የገደሉ እግር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገልጦ፣ ቀይ ሆኖ፣ ራቁቱን ቆሞ ነበር። ሁሉም መርቀውኝ ሄዱ። እኔ እናቴ ክፍል ገብቼ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

"ምን ይላል?" አለችኝ።

"ምንም።"

"እንግዲያው ነይ እራት ብዪ።"

ግንበኛው ሰኞ መጣ። ጓሮውን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ "ጎረቤቶች ናቸው፤ አዝነውልኝ" አልኩት። "ቢጠሉሽ ምን ሊያደርጉ ኖሯል?" አለና ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። የካቲት እየገባ ነው፤ ከጫካው በላይ ደመናው መወፈር ጀምሯል። ከእናቴ ክፍል በኩል ጀመረ፤ ቶሎ ቶሎ ሠራ፤ ምሳውን ቆሞ በላ። እኔም ሱቁን ዘግቼ ድንጋይ አቀብለው ነበር። የአንዱ ጥግ መሠረት ተጥሎ፣ ድንጋዩ እስከ ጉልበቴ ሲደርስ የዚያን ሌሊት ትንሽ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከላይ ጩኸት ተሰማ። ጋሼ ጫማቸውን እያሰሩ ሳሉ ደርቀው ቀሩ። ደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒቱን ግን "የሥራ ፈት ነገር" ነበር የሚሉት። ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ጡሩምባ በየመንደሩ ዞረ።

ግንበኛው ቱንቢውን ጠቀለለ፣ መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ምንም ሳልጠይቀው፣ "ላይ እየተለቀሰ ታች መዶሻ አይመታም" አለኝ። አውቃለሁ። እንኳን መዶሻ፣ እኔ ራሴ አካፋ ባነሣ ሰፈሩ ዓይኑን ያፈጥብኛል፤ መብቱም ነው። ጋሼ እኮ ናቸው። ለእኔ የቆፈሩበት ዶማ ገና ጓሮዬ ቆሟል። አለቀስኩላቸው፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። እያለቀስኩ ግን ዓይኔ ሰማዩ ላይ ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳን መትከል ተጀመረ። የጋሼ ቤት ፊት ለፊቱ ጠባብ ነው፤ ከበሩ ወጥተህ መንገድ ላይ ነህ። ሜዳ ያለው በጓሮ በኩል ነው፣ በእኛ ገደል በኩል። የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን እዚያ ወጠሩት። ካስማ ሲመቱ፣ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ አፈር ቆርቆሯችን ላይ ኮሽ ይል ነበር። አግዳሚ ወንበር ገባ፣ ሰው ገባ። ታች ቆሜ ቀና ስል የሚታየኝ የሰዎች ጫማ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ በእናቴ ራስ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ደግሞ ገደሉ እግር የለውም።

እናቴ ዘንድ ሮጬ ገባሁ። ይህን ጊዜ በግድም ቢሆን ጎትቼ አወጣታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች።

"ደግፊኝ" አለችኝ። "እንዲህ ያለ ጎረቤት ሞቶ ተኝቼ ልሰማ ነው?"

ወራት ሙሉ ለምኜ ያቃተኝን ነገር ጋሼ ሞተው አደረጉት። የተሰማኝ ደስታ ነው፤ አልዋሽም። በዚያ ዳገት እናቴን ደግፌ ስወጣ፣ ከሐዘኑ መሐል እፎይታ ነበር የሚያንቀኝ። ወጣችልኝ፣ ተረፈችልኝ አልኩ።

ድንኳኑ ስንደርስ ሰው ሁሉ ለእናቴ ተነሣ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናት፤ ያውም ጉልበቷ ታሞ የመጣች። አንዱ ብርዱ እንዳያገኛት አለ፣ አንዱ ከበሩ ራቅ ትበል አለ። መደገፊያ ያለውን ወንበር አመጡና ክብር ባለው ቦታ፣ ድንኳኑ ውስጥ መጨረሻው ላይ አስቀመጧት። ከጀርባዋ ሸራው አለ። ከሸራው ጀርባ ደግሞ ገደሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ከገደሉ ሥር ያወጣኋትን እናቴን ገደሉ አፍ ላይ አስቀመጡብኝ፤ እኔም "እግዜር ያክብርልኝ" ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የቦንጋን ዝናብ የማያውቅ ሰው ዝናብ አያውቅም። ሸራው ላይ ሲወርድ የሚያለቅሱት ሴቶች ድምፅ ጠፋ። የእድሩ ወጣቶች ተሯሩጠው ድንኳኑን ከበው ቦይ ቆፈሩ፤ ውኃው ለቀስተኛው እግር ሥር እንዳይገባ። ወዴት እንደሚወስደው ለማየት የሸራውን ጫፍ ገለጥ አደረግሁ። ወደ እኛ ነው። ውኃው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ግን ወደ ታች አይወርድም፤ ሣሩ መሐል ይጠፋል። ጎንበስ ብዬ ሣሩን በእጄ ስለያየው መሬቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በድንኳኑ ሥር ሄዶ ከእናቴ ወንበር ፊት ለፊት በኩል ይወጣል። ጣቴን አስገባሁት፤ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ገባ።

እናቴን ብቻ ብድግ አድርጌ ልወስዳት አስቤ ነበር። ግን ግራና ቀኜን አየሁ፤ ልጅ ያዘሉ አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ ቅዳሜ ዕለት ድንጋዬን የተሸከሙት በሙሉ አሉ። የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ልጄ፣ ዛሬ የጋሼሽ ቀን ነው። የግንብሽን ነገር ሌላ ቀን እናነሣዋለን" አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩት ሰሙ። አንዷ ሴት ከንፈሯን ስትመጥ ሰማኋት።

ያኔ ወደ እትዬ ሄድኩ።

እትዬ የጋሼ ሚስት ናቸው። መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጠው፣ ወገባቸውን በመቀነት ታስረው፣ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ የቤት ጣጣ አይወራለትም፤ የሚባለው "እግዜር ያጽናሽ" ብቻ ነው። ፊታቸው ተንበረከክሁ። ሕዝቡ ሁሉ እያየኝ ነው። ቅዳሜ ትሪ ይዤ በሩ ላይ የቆምኩት ትዝ አለኝ። ከሕዝቡ ዓይን ግን ያ ስንጥቅ ይበልጥ አስፈራኝ።

"እትዬ፣ መሬቱ ሊሄድ ነው" አልኳቸው። "ይነሡልኝ። እርስዎ ካልተነሡ ማንም አይነሣም።"

"ምን ሆነች ይቺ ልጅ! ሟርተኛ!" አለ አንድ ሰው ከኋላዬ። ትከሻዬንም የያዘኝ ነበር። እትዬ ዓይኔን አዩኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ነው የሚያውቁኝ፤ ባጃጅ ውስጥ ዓይኔን የምጨፍን ፈሪ መሆኔንም ያውቃሉ። ፈሪ ነሽና ዝም በይ ሊሉኝ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉልኝና፣ "ያዥኝ" አሉ።

ሐዘንተኛ ቆሞ ለቀስተኛ አይቀመጥም። እትዬ ሲነሡ ድንኳኑ በሙሉ ተነሣ። ወደ መንገዱ በር አመራን፤ እናቴን ሁለት ጎረምሶች ከነወንበሯ አወጧት። ዝናቡ ውስጥ፣ ጭቃ ላይ ቆምን። ሴቶቹ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉ። አንድ ባጃጅ ማለፊያ አጥቶ ቆመ። ምንም የሆነ ነገር የለም። ዝናቡ ይዘንባል፣ ሰው ያጉረመርማል፣ የእድሩ ዳኛ ዓይኔን እንኳ አያዩኝም። ይገርማል፤ አይናድብኝ እያልኩ ስንት ወር የጸለይኩት ሰው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ካልተናደ ምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እትዬ እጄን አልለቀቁም ነበር።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ከመኪና ላይ የቡና ጆንያ ሲወረወር የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ዱብ። ከዚያ የእንጨት ስብራት፣ ከዚያ ቆርቆሮ። በበሩ ወደ ጓሮ ስናይ የድንኳኑ የኋላ ግማሽ ጎብጦ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። የእናቴ ወንበር የነበረበት ቦታ የለም። አግዳሚዎቹ የሉም። ከሥር የእኛ ቤት ጣሪያ ይታያል፤ በእናቴ ክፍል በኩል አፈር ሞልቶታል።

የእድሩ ዳኛ ቆባቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና ወደ ታች እያየች፣ "አልጋዬ" ብቻ አለች።

በማግሥቱ የእድሩ ሰዎች ራሳቸው አፈሩን ጠረጉ። አልጋው ተሰብሮ፣ ትራሷ ጭቃ ሆኖ ወጣ። የተረፈችው ያቺ የግንበኛው አንድ ጥግ ብቻ ናት፤ ድንጋይዋ አልተነቃነቀም። ሐዘኑ ሲፈታ ግንበኛው ከዚያች ጥግ ቀጠለ፣ በቁራጭ በቁራጭ። ዳዶ እንጥራ ሲሉኝ፣ "ድንጋይ ለማቀበል ብቻ ከሆነ ይምጡ" አልኩ፤ ደግሞም ጮክ ብዬ። የእድሩ ዳኛ ሳቁና፣ "ፈሪ ለእናቱ" አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይቅርታ መሆኑ ነው።

ግንቡ ያለቀው የጋሼ አርባ ከወጣ በኋላ ነው። ውኃ ከጀርባው እንዳይታቆር ግንበኛው በየቦታው የቱቦ ቁራጭ አስገብቶበታል። እናቴ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ አልጋው አዲስ ነው፣ እሷ ግን አሁንም የባሌ አልጋ ትለዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ግንቡን ሊያዩ ወረዱ። አዩት፣ በእጃቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ እናቴ ክፍል ገብተው ተቀመጡ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ብርጭቆውን ይዘው ሳይጠጡ ቆዩ።

"እውነቱን ንገሩኝ" አሉ። "ግንበኛው ለሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ። መሬቱን የጣለው የባሌ ቁፋሮ ነው?"

ጓሮው ራቁቱን የቆመበት ያ ቅዳሜ ዓይኔ ላይ መጣ። አይደለም፣ ዝናቡ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቀደመችኝ።

"ቁፋሮውን ተዪው" አለቻቸው። "መሬቱ የሚናድበትን ቀን ማንም አያውቅም ነበር። እሱ ያን ቀን ለለቅሶው ባይጠራኝ እኔ እዚህ አልጋ ላይ ነበርኩ። ይቺ ፈሪ ልጄ ወራት ለምና አላስነሣችኝም። እሱ አስነሣኝ።"

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አለቀሱ። እናቴ ጉልበታቸውን ያዘች። ሻዩ ሲቀዘቅዝ ቀየርኩላቸው።

ሊሄዱ ሲነሡ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ። ሦስታችንም በአዲሱ መስኮት ወደ ግንቡ ዞርን። እትዬ እንደዚያ ቀን እጄን ያዙኝ። ከታችኛው ቱቦ ጭቃ የቀላቀለ ውኃ ጠብ ማለት እስኪጀምር ድረስ ማናችንም ዓይናችንን ከግንቡ አልነቀልንም።